ወሬውን እናጣራ፣ ልብን ለአላህ እንተው

ረመዳን ከምግብና ከመጠጥ ብቻ ሳይሆን ከክፉ ንግግርም የምንጾምበት ወር ነው። ዛሬ ደግሞ ጣታችንም እንደ ምላስ ይናገራል። በገፈርሳም ሆነ በቡራዩ ከተራዊሕ መልስ ብዙው ሰው የሚከፍተው የጀመዓውን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ስሙ የሙስሊም፣ ሥራው ግን ማጋጨት የሚመስል ሰው እዚያ ቢገባ ምን እናድርግ?

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014፣ በረመዳን፣ ጎንደር ላይ ለቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደርሶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በሁለት ቀን ልዩነት በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ግን ጎንደር ላይ እጁ አልነበረበትም። ሐዘንን ወደ በቀል የሚቀይር ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

ሱረቱል ሑጁራት ሁለቱን ትምህርት አብሮ ይሰጠናል። 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዛል፤ 12ኛው ከብዙ ጥርጣሬና ከመሰለል ይከለክላል። ስለዚህ ወሬውን እንመርምር፤ የሰውየውን ልብ ግን ለአላህ እንተው። በግምት ብቻ «ሙናፊቅ ነው» ማለት ራሱ ፊትና ነው።

በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተነዛውን ሐሰት ያቀጣጠለው ዐብደላህ ኢብን ኡበይ ነበር። ተቀብለው ካወሩት መካከል ግን የበድሩ ዘማች ሚስጠሕ ይገኝበታል። አቡበክር (ረ.ዐ) ለእሱ የሚሰጡትን ድጎማ ላለመስጠት ሲምሉ፣ የሱረቱ ኑር 22ኛ አንቀጽ ወደ ይቅርታ ጠራቸው፤ ድጎማውንም ቀጠሉ። ወሬ ፈጣሪና ተታሎ ያስተላለፈ ወንድም እኩል አይደሉም። የአቡ አዩብ አል-አንሷሪ ባለቤት ወሬውን ሲያነሱላቸው ደግሞ፣ አንቺስ ብትሆኚ ይህን ታደርጊ ነበር ወይ ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም በፍጹም አሉ። አቡ አዩብም ዓኢሻ ከአንቺ ትበልጣለች አሏቸው። ወሬው ከዚያ ቤት አልወጣም።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። አጠራጣሪ ጽሑፍ ሲመጣ፣ «ለማስጠንቀቅ» ተብሎም ቢሆን ለሌላ አይላክ። የት፣ መቼ፣ ማን አየ ተብሎ በጨዋ ቃል አንድ ጊዜ ይጠየቅ። የተሳሳተ ሰው ያርማል፤ ለጠብ የመጣ ግን ጥያቄውን ትቶ ይሳደባል፣ ወይም ሌላ ወሬ ያመጣል። ያኔ መልስ መስጠት እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው። የግሩፑ ኃላፊ በዝምታ ያስወጣው፤ ስሙን እያነሳን አንማው። ጥቃት የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ጽሑፉን ይዘን ለመስጂዱ ኮሚቴና ለፖሊስ እናሳውቅ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ።

ወላጆች ሆይ! ከኢፍጣር በኋላ ልጆቻችሁን ዛሬ ስልካችሁ ላይ ምን አያችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ሳትቆጡ ከሰማችሁ ነገም ይነግሯችኋል። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ አገራችንንም ከፊትና ይጠብቅልን። አሚን።