ፍሬን በግቢ ሲጠገን፤ ቁጠባው ከየት፣ ኪሳራው ከምን?

የቆየ አውቶሞቢል የያዘ የአዲስ አበባ ነዋሪ ንብረቱን በሌላ መለወጥ እንደ ድሮው አይቀለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅም መለዋወጫ የሚገዛበት ዶላር ተወደደ። ያለውን ጠግኖ መንዳት ግድ የሆነበት ባለንብረት ታዲያ ለመቆጠብ የሚያስበው የጋራዡን የእጅ ዋጋ ነው።

በቤት ግቢ ሊሠሩ ከሚችሉ ጥገናዎች አንዱ የፍሬን ካሊፐር ቅያሬ ነው። ሥራው ሲታይ ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ መልሶ ማሰር ይመስላል። ሒሳቡ የሚበላሸው ግን በሁለት ቦታ ነው፤ ዕቃው ሲገዛና አየሩ ከመስመሩ ሲወጣ።

ካሊፐር ዲስኩን እንደ መቆንጠጫ አቅፎ የሚይዝ ብረት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይት በግፊት መጥቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። የአቧራ መከላከያው ጎማ ሲቀደድ ውኃና ጭቃ ገብቶ ፒስተኑ ይዝጋል። አንዳንድ ጊዜም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ይደርቃሉ። ያን ጊዜ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይልቅ ይግላል፣ ሸራው ያለ እኩል ያልቃል፣ የነዳጅ ፍጆታም ይጨምራል። የደረቁት ፒኖቹ ብቻ ከሆኑ ጽዳትና ለፍሬን የተዘጋጀ ግሪስ ሊበቃ ይችላል፤ ሙሉ ካሊፐር መግዛት አላስፈላጊ ወጪ ይሆናል።

መግዛት ካስፈለገ አሮጌውን ካሊፐር ወይም የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ይበጃል። ገዥ በቀላሉ የሚሳሳተው በግራና በቀኝ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች የሁለቱ ጎን ካሊፐሮች ተመሳሳይ ስለሚመስሉ አንዱ በሌላው ቦታ ሊታሰር ይችላል። መለያው አየር የምታስወጣው ትንሿ ብሎን ናት፤ ካሊፐሩ ሲታሰር ከላይ መዋል አለባት። ከታች ከዋለች አየሩ ከላይ ስለሚቀር ፔዳሉ ቀኑን ሙሉ ቢረገጥ አይወጣም። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ቢሆን የፒስተኑን ዝገት፣ የጎማውን ጤንነትና የዚህችን ብሎን መፈታት አይቶ መክፈል ይኖርበታል።

ሥራው የሚጀመረው ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ተደርጎላቸው ነው። ክሪክ መኪናውን ለማንሳት እንጂ ሰው ሥር ገብቶ እንዲሠራ ደግፎ ለማቆየት አይታመንም፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ያስፈልጋል። የተፈታው ካሊፐር በዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ መተው የለበትም። ቱቦው ሲታሰር ግራና ቀኙ ያሉት የመዳብ ቀለበቶች አዲስ ይሁኑ፤ ሸራም ሲቀየር በግራና በቀኝ ጎማ አብሮ ይቀየራል።

ቀጥሎ አየሩን ማስወጣት ይመጣል፤ ለዚህም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ብሎኗን ጥቂት ይከፍትና አየርና ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ሲወጣ መልሶ ይዘጋል። ፔዳሉ የሚለቀቀው ብሎኗ ከተዘጋች በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይሳባል። አረፋው እስኪጠፋ ይህ ይደጋገማል። በዚህ መሐል የዘይት ማጠራቀሚያው ካለቀ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ኤቢኤስ ባለው መኪና ላይ አየር ወደ መቆጣጠሪያው ከገባ ደግሞ የጋራዥ ኮምፒዩተር ሊያስፈልግ ይችላል።

ዘይቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት ሊከበር ይገባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ሁለቱም ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ። በዚያን ጊዜ ደረጃው የሚጠይቀው መጠን ወደ 140 እና 155 ዲግሪ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሲወረድ ፍሬኑን ያለማቋረጥ የሚረግጥ ሹፌር ያረጀ ዘይት ከያዘ፣ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ተከፍቶ የከረመ ጣሳ በርካሽ መግዛት እንግዲህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

መኪና ለሚገዛና ለሚያሻሽጥም ይህ ዕውቀት ገንዘብ ነው። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ መያዝ ብዙ ይናገራል። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ መስመሩ አየር እንዳለው ያመለክታል፤ ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ዘይት የሚያፈስ ወይም ፖምፓው የደከመ ሊሆን ይችላል። ከአጭር ጉዞ በኋላ ከአንዱ ቸርኬ ብቻ ኃይለኛ ሙቀት ከመጣ ካሊፐሩ ሊመረመር ይገባል። እነዚህ ሁሉ ለዋጋ ድርድር በቂ ምክንያት ናቸው።

በግቢ የሠራም ቢሆን ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ፣ ቀጥሎም ሰው በሌለበት ደልዳላ ቦታ በዝግታ መሞከር አለበት። ፔዳሉ አልጠነክር ካለ የጋራዡን የእጅ ዋጋ መክፈል ከሁሉም ርካሹ ወጪ ነው።