ሶሻል ወርክ ምን ያስተምራል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፍሬሽማን ኮርሶቹን ጨርሶ የዲፓርትመንት ምርጫ የሚሞላ ተማሪ ስለ ሶሻል ወርክ ሲጠይቅ «ችግረኛ መርዳት ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ለመርዳት ግን ዲግሪ አያስፈልግም፤ ጎረቤትም ይረዳል። ዲፓርትመንቱ የሚያስተምረው ችግሩን መርምሮ፣ ከባለጉዳዩ ጋር መክሮ፣ ውጤቱን እየመዘገቡ መሥራትን ነው።

ትምህርቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ በዲፕሎማ ተጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ወደ ዲግሪ አድጓል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ራሱን ችሎ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ማስተማር ሲጀምር ነው፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሦስተኛ ዲግሪ ተከተለ። ዛሬ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ጨምሮ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ያስተምሩታል። ተዘግቶ በነበረበት ዘመን የቆየው ሶሲዮሎጂ በመሆኑ ሁለቱ እስካሁን ቢምታቱ አይገርምም። ሶሲዮሎጂ ኅብረተሰቡን ያጠናል፤ ሶሻል ወርክ ደግሞ ያንኑ ዕውቀት ይዞ የአንድን ቤተሰብ በር ያንኳኳል።

ክፍል ውስጥ የሰው ልጅ ዕድገትና ባሕርይ፣ የማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ፣ የምርምር ዘዴና የሙያ ሥነ ምግባር ይሰጣሉ። ከግለሰብ፣ ከቡድንና ከማኅበረሰብ ጋር የመሥራት ዘዴዎችም ለየብቻ ይጠናሉ። ተማሪው ከሚለምዳቸው መሣሪያዎች አንዱ ኢኮማፕ ነው። ወረቀት መሐል ላይ ክብ ተሥሎ ቤተሰቡ ይገባበታል፤ ዙሪያውን ዕድሩ፣ ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የእምነት ቦታው በየክባቸው ይቀመጣሉ። ጠንካራ ግንኙነት በወፍራም መስመር፣ የላላው በተቆራረጠ፣ ጠብ ያለበት በተጠማዘዘ መስመር ይሣላል። ባሏ የሞተባት እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ብታስቀር፣ ሥዕሉ ከዕድሩ ጋር ወፍራም፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር የተቆራረጠ መስመር ሊያሳይ ይችላል። ያኔ ተማሪው እናትየዋን ከመውቀስ ይልቅ ዕድሩ ምን ሊያግዝ እንደሚችል፣ ትምህርት ቤቱንስ ማን ሊያነጋግር እንደሚገባ ከእሷ ጋር ይመክራል።

ከባዱ ክፍል የመስክ ልምምዱ ነው። ተማሪው ሆስፒታል፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ተመድቦ በሱፐርቫይዘር ሥር ይሠራል፤ ያየውንና ያደረገውን ይጽፋል። ብዙዎችን የሚፈትነው ከኪስ አውጥቶ መስጠት ነው። የሰጠ እጅ የዛሬውን ራት ይሸፍናል፤ ባለጉዳዩን ግን ነገም ያንኑ ሰው እንዲጠብቅ ያደርገዋል፤ የሙያ ግንኙነቱም ወደ ውለታ ይለወጣል። የሰው ገመና መጠበቅም ሕግ ነው፤ በልምምድ የሰሙትን ዶርም ገብቶ ማውራት የሥነ ምግባር ጥሰት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 በመቶ ማለፍ ግድ ነው። ፈተናው ግን የክፍሉን ዕውቀት እንጂ የመስኩን ጠባይ አይለካም። ስለዚህ ይህን ዲፓርትመንት ልትሞሉ ያሰባችሁ፣ ከፊርማችሁ በፊት ልምምድ ላይ ያለ ሲኒየር ፈልጋችሁ «ውሎህ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰው ችግር ሰምቶ ለመፍረድ የማይቸኩል፣ የሰማውንም መዝግቦ የሚከታተል ሰው ከሆናችሁ ቦታችሁ እዚህ ነው።