ስለ ሳይበር ደኅንነት አስተዳደር ትምህርትና ስለ ንግድ ቤቶቻችን

በዳባት ከተማ በገብስና በነጭ ሽንኩርት ንግድ በሚተዳደሩ አሠሪዬ ቤት የጸሐፊነትን ሥራ ይዤ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛን ክፍል ጨርሳ ለዩኒቨርሲቲ ስትሰናዳ፥ «አባባ፥ የሳይበር ደኅንነት አስተዳደር የሚባለውን ትምህርት ብማርስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ይኸ የመሐንዲስ ሥራ ነው ወይስ የነጋዴ?» አሉኝ። ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁም ነበርና ዛሬ ለእርሳቸውም ለጋዜጣችን አንባቢዎችም ላቀርብ እወዳለሁ።

ይኸ ትምህርት በውጭ አገር በአንዳንድ የንግድ ፋኩልቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ተማሪው ከሒሳብ አያያዝና ከንግድ ሕግ ጋር የአደጋ ግምትን፥ የውስጥ ቁጥጥርንና የሠራተኛን ሥልጣን መወሰንን ይማራል። ቁልፍ ሠሪ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ የትኛው በር እንደሚቈለፍ፥ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፥ ወጪው ስንት እንደ ሆነና ሌባ በገባ ዕለት ምን እንደሚደረግ መወሰን ግን የእርሱ ድርሻ ነው።

ነገሩ የነጋዴ መሆኑን በአገራችን ገንዘብ ላይ የተሞከረው ማጭበርበር በሚገባ ያስረዳል። በኒው ዮርክ በቀረበው ክስ እንደ ተገለጠው፥ በ2001 ዓ. ም. መጀመሪያ አጭበርባሪዎች ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተጻፈ የሚመስል ሐሰተኛ ሰነድ ለሲቲባንክ ላኩ። በሰነዱም የክፍያ ትእዛዝ ሲደርስ ማረጋገጫ የሚጠየቅባቸውን የስልክ ቁጥሮች በራሳቸው ቁጥር ተኩ። ከዚያም 24 ያህል ትእዛዝ በፋክስ አከታትለው ሰደዱ፤ ባንኩ በእነዚያው ቁጥሮች ደውሎ «አዎን» ስለ ተባለ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላለፈ። ነገሩ የታወቀው አንዳንድ ተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን በመመለሳቸውና ብሔራዊ ባንክም ክፍያውን አላውቀውም በማለቱ ነው። ሲቲባንክም ገንዘቡን ተካ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው መሣሪያ ወረቀትና ስልክ እንጂ ረቂቅ የኮምፒዩተር ጥበብ አልነበረም።

በመጋቢት 2016 ዓ. ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ደግሞ ሁላችን እናስታውሳለን። ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ፤ ባንኩም የሲስተም ማሻሻያ ያመጣው ስሕተት እንጂ የሌባ ጥቃት አይደለም ሲል አስታወቀ። ማሻሻያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ማን ይፈትነዋል፥ ማንስ ይፈቅዳል? ይኸ የአስተዳደር ጥያቄ ነው።

እኛም ቤት ሳይደርስ አልቀረም። ከግንቦት 2013 ዓ. ም. ወዲህ ቴሌብር ከመጣ ጀምሮ ብዙ ሒሳብ በስልክ እንዘጋለን። አንድ ቀን ከቈየ ደንበኛችን የመጣ የሚመስል መልእክት፥ «የባንክ ሒሳብ ቍጥራችን ተለውጧል፤ ቀሪውን በዚህ ላኩ» ይል ነበር። እኔ፥ አፍሬ እናገራለሁ፥ ልከፍል ተነሥቼ ነበር። አሠሪዬ ግን «ድምፁን ሳልሰማ አልከፍልም» ብለው ከአሮጌው መዝገብ ቍጥሩን አስፈልገው ደወሉ። ሰውዬው ስለ መልእክቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሲቲባንክ አሮጌውን ቍጥር ቢይዝ ኖሮ እንደዚሁ ይድን ነበር እላለሁ።

«እኛ ትንሽ ነጋዴዎች ነን፥ ማን ይፈልገናል?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን ስምና ስልክ መዝግቦ መያዝም ኃላፊነት ያለበት ሥራ ሆኗል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ተሰጥዖ ያላቸውን ወጣቶች በክረምት ሰብስቦ ማሠልጠኑ መልካም ነው፤ እነርሱ ግን ባለ እጅ ናቸው፤ ንግድ ቤቱ ገንዘብ በማን ፊርማ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰውም ይሻል።

አሠሪዬን የሚያሳስባቸው ልጅቱ ተምራ ዳባት ሥራ ታገኛለች ወይ የሚለው ነው፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የትምህርት ክፍል የሚመረጥበት ጊዜ ሲደርስ ሒሳብ አያያዝን እንድትይዝ፥ የኮምፒዩተሩን ደኅንነት ደግሞ በላዩ እንድትጨምር ተስማምተዋል። እኔም እስከዚያው የደንበኞቻችንን የስልክ ቍጥር በእጄ በአንድ ደብተር ጽፌ ከካዝናው አኑሬዋለሁ።