ያገለገለች ትንሽ ሃይብሪድ መኪና ሲገዙ ምን ምን መመርመር ያስፈልጋል?

በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው መኪና መግዛት ማለት የብዙ ዓመት ቍጠባን በአንድ ቀን አውጥቶ መስጠት ማለት ነው። አዲስ ለመግዛት ዐቅሙ ያልፈቀደለት ያገለገለች መኪና ይፈልጋል፤ የቤንዚን ወጪ የሚያሳስበው ደግሞ ሃይብሪድ የምትባለውን ይመርጣል። አሳቡ በመሠረቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሃይብሪድ መኪና የራሷ የሆነ ጠባይ ስላላት፣ እንደ ተራ መኪና ብቻ ተመርምራ ከተገዛች፣ ከቤንዚን የተረፈው ገንዘብ ሁሉ በአንድ የባትሪ ለውጥ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡትን ነገሮች በየተራ እንገልጻለን።

ሃይብሪድ የሚለው ቃል ድቅል ማለት ነው። በቅሎ ከአህያና ከፈረስ እንደምትወለድ ሁሉ፣ ይህችም መኪና የቤንዚን ሞተርንና የኤሌክትሪክ ሞተርን አጣምራ የያዘች ናት። በብዛት እየተሠራች ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዪቱ ሃይብሪድ፣ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መሸጥ የጀመረችው የቶዮታ ፕሪየስ ናት። ከእርሷ የምታንሰው አኳ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣች፤ በአሜሪካም ፕሪየስ ሲ ተብላ ተሸጠች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ያሪስ ሃይብሪድ ለኤውሮፓ ገበያ ቀረበች። ከዚህ በኋላ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መኪናዪቱ ስትነሣና በዝግታ ስትሄድ አብዛኛውን ጊዜ የምትንቀሳቀሰው በኤሌክትሪኩ ሞተር ነው። ተጨማሪ ጕልበት ሲያስፈልጋት የቤንዚኑ ሞተር ይነሣል። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ግን የኤሌክትሪኩ ሞተር ወደ ዲናሞነት ተለውጦ፣ በተራ መኪና ላይ በፍሬኑ ሙቀት ሆኖ ይባክን የነበረውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። እንግዲህ የሃይብሪድ ጥቅም የሚታየው መቆምና መነሣት በሚበዛበት በከተማ መንገድ ነው። ዘወትር በረዥም አውራ ጎዳና ላይ ለሚመላለስ ሰው ጥቅሟ ያን ያህል አይደለም።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለሚገኘው ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሌላም ነገር አለ። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጕልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይስብ ከፍታው አያደክመውም። ሆኖም የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ ትንሽ ነው፤ የአኳ ባትሪ የሚይዘው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው። ስለዚህ እንጦጦን ሲወጡ ቶሎ ይጐድላል፤ ሲወርዱም ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ ማርሹን ቢ በሚለው ምልክት ላይ ማድረግና የቤንዚኑ ሞተር መኪናዪቱን እንዲይዛት መተው ፍሬኑን ያድናል።

ዋናው ምርመራ የባትሪው ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ ከ28፣ የአኳ ደግሞ ከ20 ትናንሽ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ክፍሎቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ሲደክም ጠቅላላው ይደክማል። ባትሪውን የሚገድሉት ዕድሜ፣ ሙቀትና ለረዥም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቆም ናቸው። በኋላ ወንበር አጠገብ አየር የሚስብ ቀዳዳ አለ፤ በውስጡም ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ቬንቲላተር ይገኛል። ይህ ቀዳዳ በአቧራና በጨርቅ ብናኝ ከተደፈነ ባትሪው ያለ ጊዜው ይሞታል። አቧራ በበዛበት አገር ሻጩ ይህን ጠርጎ እንደ ሆነ መጠየቅ፣ በዐይንም ማየት ይገባል።

ሲፈትኑ እንዲህ ያድርጉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረሱ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ዳገትና ቍልቍለት ባለበት መንገድ ይንዱ። በነጂው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የባትሪው መጠን ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ቢል ደኅና ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ ወዲያው የሚጐድል፣ ቬንቲላተሩም በኃይል የሚጮኽ ከሆነ ግን ባትሪው ደክሟል። ከዚህም በላይ የምርመራ ኮምፒዩተር ያለው መካኒክ ይዘው ይሂዱ። ፒ0ኤ80 የሚለው ምልክት ባትሪው ይለወጥ ማለት ነው። ምልክት ካልተገኘም አይቸኵሉ፤ ሊሸጥ የተዘጋጀ ሰው ምልክቱን በማለዳ አጥፍቶት ሊሆን ስለሚችል፣ መኪናዪቱ ከተነዳች በኋላ እንደ ገና ማስመርመር ያስፈልጋል። ከባትሪው ክፍሎች አንዱ ዘወትር ከባልንጀሮቹ የሚያንስ ቮልት ካሳየ እርሱም ማስጠንቀቂያ ነው።

አንዳንድ ጋራዥ የሞተውን አንድ ክፍል ብቻ ለውጦ ባትሪው ታድሷል ይላል። የቀሩት ክፍሎች ግን ያው ያረጁ ስለ ሆኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላው መከተሉ የተለመደ ነው። ስለዚህ ባትሪው ተለውጧል ሲባሉ ደረሰኙን ይጠይቁ፤ ሙሉው ነው ወይስ ክፍሉ ብለውም ይለዩ። በሌላ በኩል፣ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ሲደክም ብዙ የማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራ ይችላል። ይህ በቀላል ወጪ የሚለወጥ ስለ ሆነ መኪናዪቱን ከመተውዎ በፊት እርሱን ያስፈትሹ።

ከባትሪው ቀጥሎ የቤንዚኑ ሞተር ይመርመር። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ በቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላሸት ይታወቃል። የራዲያተር ውሃ ያለ ምክንያት የሚጐድል፣ ሞተሩም በማለዳ ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አይግዙ። ቆማ ሳለች የፍሬኑ ፓምፕ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚነሣ ከሆነም ውስጣዊ ማፍሰስ ሊኖር ይችላል፤ ጥገናውም ውድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣችው ሆንዳ ፊት ሃይብሪድ በካምቢዮዋ ምክንያት በጃፓን ደጋግማ ለእርማት ስለ ተጠራች፣ እርማቱ መፈጸሙን በማስረጃ ያረጋግጡ። የኪሎ ሜትር ቈጣሪ በቀላሉ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ከቍጥሩ ይልቅ የወንበሩን፣ የመሪውንና የፍሬን መርገጫውን መበላት ይመኑ።

ወጪውን አስቀድሞ ማስላትም ያስፈልጋል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ተራዪቱ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ሃይብሪዷ 5 ሊትር ብትፈጅ፣ በወር 30፣ በዓመት 360 ሊትር ይተርፈዋል። ይህን በቤንዚን ዋጋ ያባዙትና ከአንድ ሙሉ ባትሪ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ትርፉ የባትሪውን ዋጋ የሚመልሰው በስንት ዓመት እንደ ሆነ ሲያውቁ፣ ለሻጩ የሚሰጡትን ዋጋ ይወስናሉ። በተለይም መንግሥት በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአገራችን ገበያ የሚገኙት አብዛኞቹ ቀድመው የገቡና ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው።

በመጨረሻም ከገንዘብ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። ኮፈኑ ሲከፈት የሚታዩት ብርቱካንማ ሽቦዎች ሰው ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። የፕሪየስ ባትሪ ብቻውን ከ200 ቮልት በላይ አለው። የባትሪው ማቋረጫ ከተነቀለ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በሌላው ክፍል የተጠራቀመው ኃይል ወዲያው አይጠፋምና። ስለዚህ የጎማ ጓንት የሌለውና ሥራውን ያልተማረ ሰው እንዲነካው አይፍቀዱ፤ እርስዎም ርካሽ ጥገና ለማግኘት ብለው የሌላውን ሰው ሕይወት በአደጋ ላይ አይጣሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተገዛች መኪና ባለቤቷን በየጋራዡ ስታንከራትት ትኖራለች። በማስተዋል የተመረጠች ሃይብሪድ ግን ብዙ ዓመት በታማኝነት ታገለግላለች። ምርመራውን የሚከለክልዎ ሻጭ ቢያጋጥምዎ ክርክር አያስፈልግም፤ መከልከሉ ራሱ በቂ መልስ ስለ ሆነ አመስግነው ይሂዱ።