ምግብ እንቢ ስለሚሉ ሕፃናት፤ በጣና ዙሪያ ላሉ ሹማምንትና ባለይዞታዎች

በዚህ መጽሔት ዘወትር የሚጻፈው ስለ ዘርና ስለ ማረሻ፣ ስለ መስኖና ስለ ከብት በሽታ ነው። ዛሬ ግን ነገራችን አዝመራው ጎተራ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ነው፤ ጎተራው ሞልቶ ሳለ በዚያው ቤት ያለው ሕፃን ከስቶና ቀጭጮ ሊገኝ ይችላልና። የአማራ ክልል እህል በብዛት ከሚያመርቱት አገሮቻችን አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቹ ከመቶው 41 ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ሳያገኙ ቀርተዋል። በመላው ኢትዮጵያ ከመቶው 37 ነበሩ። መንግሥትም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ስም በተጠራው ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል።

ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፣ ከዘጌ እስከ ፎገራ፣ እናቶች ስለ ልጃቸው መክሳት ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት «ምን ላድርግ፣ አይበላልኝም» ብለው ነው። ይህን ቃል እንደ ሰበብ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም፤ እናቲቱ ያየችውን ነውና የምትናገረው። ነገር ግን እንቢታው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ሲወለድ የነበረውን ክብደት ሦስት እጥፍ ሲያደርስ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ዕድገቱ ዝግ ስላለ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ደግሞም ከሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ ያላወቀውን ምግብ መጠርጠር በሕፃናት ሁሉ ዘንድ ያለ ጠባይ እንጂ የጥጋብ ምልክት አይደለም። እንዲህ ላለው ልጅ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። የተመራመሩ ሰዎች እንደሚሉት አዲስ ምግብ ሕፃን እስኪቀበለው ድረስ ከ8 እስከ 15 ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ሊቀርብለት ይገባል፤ የእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በሦስተኛው «ይህንስ አይወድም» ብሎ ይተወዋል።

ሌላው ምክንያት ከራሱ ከምግቡ ነው። በባላገሩ ቤት ለሕፃን የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለት አንድ ብርጭቆ ያህል ነው፤ ያንንም ውሃ ከሞላው ጠገበ፤ እናቲቱም እንቢ አለ ትላለች። ገንፎውን ብታወፍረው ደግሞ ለመዋጥ ይከብደዋል። ለዚህ ነገር ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሁሉ መፍትሔው በእጇ አለ፤ እርሱም ብቅል ነው። ጌሾ ያልነካውን የገብስ ብቅል ፈጭታ፣ ወፍራም ገንፎ ከሠራች በኋላ ከእሳት አውርዳ ሲበርድለት አንድ ማንኪያ ብትጨምርና ብታማስል፣ ገንፎው በጥቂት ደቂቃ ይቀጥናል፤ ኃይሉ ግን አይቀንስም። ከዚያ በኋላ እንደገና አንድ ጊዜ ማፍላት ያስፈልጋል፤ ብቅል ሲረጥብ ቆይቶ የሚዘጋጅ ስለ ሆነ ተሐዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉና። ዱቄቱም ከእህል ብቻ ሳይሆን ከሽንብራ፣ ከምስር ወይም ከባቄላ ጋር ቢሆን መልካም ነው። በፎገራና በደንቢያ ግን ጓያ እንዳይገባበት ማስጠንቀቅ ይገባል፤ ጓያ ሲዘወተር እግርን እንደሚያሽመደምድ የዚያ አገር ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከስዊድን መንግሥት ጋር በተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል የተሠራው ፋፋም እህልን፣ ጥራጥሬንና የወተት ዱቄትን በአንድነት ያደባለቀ ነበር።

አሁን ወደ መጋት እንምጣ። ሕፃኑን በጭን አጋድሞ፣ አፉን በእጅ ከፍቶ አጥሚት ማፍሰስ በየቤቱ የታወቀ ነው፤ ከፍቅርም የሚደረግ ነው። ነገር ግን እያለቀሰ የሚጋት ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ከትንታም የሳንባ ምች ይከተላል። ባይታመምም እንኳ ያችን ሳሕን ባየ ቍጥር መሸሽን ይማራል። «ጅብ መጣ» ብሎ ማስፈራራትም ያው ነው። የሚሻለው ልጁን አስቀምጦ፣ ፊት ለፊት እያዩትና እያነጋገሩት፣ በራሱ ሳሕን በጥቂቱ እያቀረቡ፣ ፊቱን ሲያዞር ጥቂት ቆይቶ መሞከር ነው። የራሱ ሳሕን ማለታችን በከንቱ አይደለም፤ በአንድ ገበታ ከታላላቆቹ ጋር የተቀመጠ ሕፃን ስንት ጉርሻ እንደ ደረሰው የሚያውቅ የለም።

ከዚህ የተለየው እንቢታ የበሽታ ነው፤ በሹማምንት ዘንድ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚህ ነው። ወባ፣ የአፍ ቍስል፣ የሆድ ትል፣ የደም ማነስ ሁሉ ፍላጎትን ይዘጋሉ። ጡትም ውሃም አልወስድ ያለ፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የሚደነዝዝ ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያነሰ እንደ ሆነ በብርቱ ተጎድቷል፤ እንዲህ ያለው ልጅ በጤና ኬላ የሚቀርብለትን የታሸገውን የለውዝ ምግብ እንኳ እንቢ ካለ፣ ተኝቶ መታከም ያለበት ነው።

በብዙ ቦታ ግን ሕፃኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ወይም «የወተት ጥርሱ ነው» ይባልና በምላጭና በወስፌ ያልታመመው አካል ይቆረጣል። ምላጩ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ደም መፍሰስም መንጋጋ ቆልፍም ይከተላል፤ የጉሮሮ ቍስል ያለበት ሕፃን ከቀድሞው ይልቅ እንቢ ማለቱም የማያስገርም ነው። አዋጅ ቍጥር 414/1996 ሆኖ የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን፣ ለሕፃን ቅቤ ማዋጥንም በስማቸው ጠርቶ፣ በእነዚህ ልማዶች ሞት ያደረሰውን ሰው ይቀጣል፤ አንቀጽ 562ም ስለ አካል ጉዳት ይናገራል። ሆኖም ቆራጩን አስሮ እናቲቱን ሳያስተምሩ መተው፣ ሥራውን ወደ ሌሊት ማዞር ብቻ ይሆናል። ልጇን ወደ ጸበል የምትወስደውንም እናት መከልከል አይገባም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያም እንድትደርስ መምከር ይበቃል።

ስለ ጾምም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ጹሙ ብላ አታስገድድም፤ ነገር ግን እናቶች የጾሙ ድስት እንዳይነካካ በመፍራት በጾም ወራት እንቁላልና ወተት ለልጅ አያዘጋጁም። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ መለየት ይህን ችግር ያቃልላል፤ የነፍስ አባት ይህን በአንደበቱ ቢናገር ከመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። በሐይቁ ዳር ለሚኖሩትም ቀረሶና አምባዛ አለ፤ አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ፣ ሥጋው ተደቁሶ በገንፎ ቢደባለቅ ለሕፃን የሚስማማ ነው።

በፎገራ ሩዝ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ጊዜ እናቶች ከንጋት እስከ ማታ በማሳ ይውላሉ፤ ሕፃኑ በታላቅ እኅቱ እጅ ይቆያል፤ እናቲቱ ስትመለስም እንቅልፍ ይዞት ይገኛል። ከ9 ወር በላይ የሆነ ሕፃን በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ መመገብ ሲገባው፣ በአንድ የማታ ጊዜ ብዙ ሊያበሉት ቢታገሉ እንቢ ማለቱ ምን ያስደንቃል? ስለዚህ የቀን ሠራተኛ የሚያሠሩ ባለይዞታዎች በማሳው ዳር ዳስ እንዲያቆሙ፣ ጠዋትና ከቀትር በኋላ ለሚያጠቡና ለሚመግቡ እናቶች ከደመወዝ ሳይቆርጡ ጊዜ እንዲሰጡ፣ የወረዳ ሹማምንትም ይህን ከመጪው የአረም ወራት በፊት ከየቀበሌው ጋር እንዲነጋገሩበትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዳሱ እየተገኘች የልጆቹን ክንድ እንድትለካ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።