የጁባ አሮጌ ጭነት መኪና፦ ምኑ ይጠገን፣ ምኑ ይቀየር?

ጭነት መኪና ሲዝግ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጋቢናው ላይ ነው፤ የባለቤቱ ገንዘብ የሚያልቀውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። መኪናው ግን ጋቢናው አይደለም። የድሮዎቹን የሱዳን ሎሪዎች ያስታውሱ። የእንግሊዙ ቤድፎርድ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ቲጄ የተባለው ሞዴል፣ ጁባ የሱዳን አካል በነበረችበት ዘመን በአገሪቱ መንገዶች ላይ ስም ነበረው። ሻንሲው፣ ሞተሩና የፊት ክፍሉ ከፋብሪካ ይመጣ ነበር፤ የጭነት አካሉን ግን የአገሬው ብረት ሠራተኛና አናጺ ይሠራለት ነበር። አካሉ ሲያረጅ ይፈርስና በዚያው ሻንሲ ላይ ሌላ ይሠራ ነበር። ዛሬም ጁባ ውስጥ አሮጌ መኪና ይዞ «ልጠግነው ወይስ ልቀይረው?» የሚል ሰው ስለ ዝገቱ ስፋት ከመጨነቁ በፊት የዛገው ብረት ምን እንደተሸከመ ማየት አለበት።

የጁባ ዝገት የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ የአፍዴራን ጨው የሚያመላልስ መኪና የሚገጥመው ዓይነት መበላት እዚህ አይጠበቅም። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚወርደው ዝናብ ግን ቀዩን አፈር ያቦካና በፓራፋንጎ እጥፋት፣ በበር ሥር፣ ጋቢናው ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ጥግ ሁሉ ይጠቀጥቀዋል። የጭቃው ላይ በአንድ ቀን ፀሐይ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ውሃና አየር አንድ ላይ ያገኙት ብረትም ይዝጋል። ዝገት ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ ሁለት ላሜራ በተደራረበበት መሃል ከገባ እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቃቸዋል። ከቀለሙ ሥር ትንሽ እብጠት ሲታይ ከበስተጀርባው ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከእብጠቱ የሰፋ ነው።

በብሎን የታሰረ ነገር፣ ለምሳሌ ኮፈን ወይም ፓራፋንጎ፣ ብዙ አያከራክርም፤ ከተበሳሳ ፈትቶ መቀየር ነው። የጋቢናው ወለልና የበሩ ሥር ግን ተቆርጠው በአዲስ ላሜራ ቢበየዱ ይሻላል፤ ቆረጣውም በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ እስከሚሰጠው ብረት ድረስ መዝለቅ አለበት። ላሜራው ቀጭን ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። በወፍራም ኤሌክትሮድ በአንድ ትንፋሽ የሚበይድ ሠራተኛ ከሚሞላው ቀዳዳ የሚከፍተው ይበልጣል፤ በነጥብ በነጥብ እያዘለለ፣ ብረቱ እስኪበርድ እየጠበቀ መሥራት ይኖርበታል። የብየዳው ሙቀት ከኋላ ያለውን ቀለም ስለሚያቃጥል ጀርባው አንቲረስት ካልተቀባ አዲሱ ላሜራ ራሱ ከዚያው መዛግ ይጀምራል። ሻንሲው ላይ ሕጉ ሌላ ነው። ላዩን ብቻ የያዘው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ቀለም ይበቃዋል። በንጣፍ በንጣፍ እየተቀረፈ የሳሳ ከሆነ፣ በተለይ ባሌስትራው በሚታሰርበት አካባቢ፣ ጭነቱን የሚችለው የላይና የታች ክንፍ ላይ ቁራጭ ብረት መለጠፍ ራስን ማታለል ነው፤ ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ ይነሳል። እዚያ ምርጫው ሻንሲውን መቀየር ወይም መኪናውን ከጭነት ማውጣት ብቻ ነው።

«ያገለገለ ሙሉ ጋቢና ገዝቶ መግጠም አይቀልም ወይ?» የሚለው ክርክር ክብደት አለው። ጊዜ ይቆጥባል፣ ቆሞ የዋለ መኪና ደግሞ ገቢ የለውም። ነገር ግን ጋቢናው ከሞምባሳ ወደብ በኡጋንዳ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በተጠናቀቀው 192 ኪሎ ሜትር የኒሙሌ–ጁባ አስፋልት ሲገባ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፤ የሠፈሩ በያጅ ግን የሚከፈለው ባመዛኙ በአገሩ ፓውንድ ነው። በበረዶ ወቅት መንገዱ ላይ ጨው ከሚበተንበት አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ የራሱን ዝገት ከእጥፋቱ ውስጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሲገዛ ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን ያላየ ገዢ አንዱን ዝገት በሌላው ለወጠ እንጂ አልጠገነም። ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባትን ግን እንደ ሦስተኛ መንገድ ልቆጥረው አልችልም፤ እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ያስቀምጠዋል፣ ለሻጭ እንጂ ለባለቤት አይጠቅምም። አሮጌ መኪና ለቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎች ደግሞ የፋብሪካው ብረት በተቻለ መጠን ይትረፍ ይላሉ። ለኤግዚቢሽን ያስኬዳል፤ ለዕለት እንጀራ የሚሠራ መኪና ላይ ግን የብረቱ ዕድሜ ክብር አይሆንም።

አንድ ቦታ ላይ ግን የመጠገኑ ምክር አይሠራም፤ እሱም የውሃ ቦቴ ነው። ብዙ የጁባ ቤት ከነጭ ዓባይ ተቀድቶ በቦቴ የሚታደል ውሃ ይጠጣል፤ በዚህ ሥራ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም አሉበት። አሥር ሺህ ሊትር ውሃ አሥር ቶን ነው፤ በየጉድጓዱ እየተላጋ የታንኩን ግድግዳ ይገፋል። ታንኩ ደግሞ የሚዝገው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ የተበየደበት ቁራጭ ማፍሰሱን እንጂ መበላቱን አያቆምም፣ ዝገቱም ወደሚጠጣው ውሃ ይገባል። ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ አዲስ ታንክ ይሰካበት፤ የተቦረቦረው የጋቢና በር እስከሚቀጥለው ደረቅ ወር ድረስ ሊታገሥ ይችላል።