ባቡሩ ትእዛዙን ለምን አልሰማም?

በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ የሚሽከረከሩ ትናንሽ ባቡሮች በብዙዎች ዘንድ የሕፃናት መጫወቻ ተደርገው ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ የተማርነው የኦም ሕግ በተግባር የሚፈተንባቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ አንድ የታወቀ ብልሽት እንመረምራለን፤ መብራቱ እየበራ፣ ሞተሩም እየሠራ፣ «ቁም» ሲባል ግን የማይቆመውን ባቡር።

መልእክት ተሸካሚው ሐዲድ

በቀድሞው ዘዴ የባቡሩን ፍጥነት የሚወስነው በሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ስለነበር፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ባቡሮች ሁሉ አብረው ይሄዱ፣ አብረውም ይቆሙ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌንዝ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ያበለጸገውና የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ መለኪያ ያወጣለት ዲጂታል ዘዴ ይህን ለወጠው። ሁለቱ ሐዲዶች ኃይልንና ትእዛዝን በአንድነት ይሸከማሉ። የሐዲዶቹ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ያለማቋረጥ ይገለባበጣሉ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ 58 ማይክሮ ሰከንድ ከቆየ «1»፣ 100 ያህል ከቆየ «0» ማለት ነው።

በባቡሩ ውስጥ ያለው ዲኮደር የአድራሻ፣ የመመሪያና የማረጋገጫ ባይቶችን ይቀበላል። ማረጋገጫው ከሌሎቹ ጋር ካልተስማማ መልእክቱን ይጥለዋል፤ ባቡሩም በመጨረሻ በሰማው ትእዛዝ ጉዞውን ይቀጥላል። እንግዲህ ባቡሩ እምቢተኛ አይደለም፤ መልእክቱ ተበላሽቶ ደርሶታል።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ

ምርመራችንን ከቀላሉ እንጀምር። በመጀመሪያ ሐዲዱንና መንኮራኩሮቹን እናጽዳ፤ ቆሻሻ ኃይሉንም መልእክቱንም ያቆራርጣል።

ቀጥሎ ቮልቴጁን በመቆጣጠሪያው አጠገብና በሩቁ ጥግ እንለካ። ተራ መለኪያ የተሠራው ለ50 ኸርዝ ሞገድ ስለሆነ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጠን ይችላል፤ ሁለቱን ንባቦች ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ባቡሩ በሩቁ ጥግ እየሄደ መለካት አለብን፤ ጅረት ከሌለ የቮልቴጅ መውደቅም የለምና።

ምን ያህል መውደቅ ይጠበቃል? መጋቢው መስመር 10 ሜትር ቢሆን ጅረቱ በደርሶ መልስ 20 ሜትር ይጓዛል። ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት 0.34 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ በ3 አምፔር 1 ቮልት ገደማ ይወድቃል። ውፍረቱ 2.5 ቢሆን ግን 0.4 ቮልት ብቻ ነው። ልዩነቱ ከስሌታችን በእጅጉ ከበለጠ የላላ ወይም የዛገ የሐዲድ መጋጠሚያ እንጠርጥር። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የሐዲድ ክፍል መጋቢ ሽቦ መበየድ ነው።

ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ትእዛዙ ብቻ ከጠፋስ? ረጅም ሽቦ ኢንዳክታንስ ስላለው ሞገዱ በተገለበጠ ቁጥር ጠርዙ ላይ ይርገበገባል፤ ዲኮደሩም ይሳሳታል። ሁለቱን ሽቦዎች አብሮ መግመድ ኢንዳክታንሱን ይቀንሳል። በመስመሩ ጫፍ ላይ 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ማገናኘትም ርግብግቢቱን ያበርዳል።

የሳንቲሙ ፈተና

በመጨረሻ ሁለቱን ሐዲዶች በሳንቲም ለቅጽበት እናገናኝ። መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይሉን ሊያቋርጥ ይገባል። ካላቋረጠ አደጋ አለ። 15 ቮልት የሚሰጥ፣ ከ5 አምፔር በላይ ሲሆን የሚያቋርጥ መሣሪያ እንውሰድ። የመስመሩ ተቃውሞ 4 ኦም ከሆነ ኮንታክት ሲፈጠር የሚያልፈው 3.75 አምፔር ብቻ ነው፤ መሣሪያው ምንም ያልተፈጠረ ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ 56 ዋት ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ አብዛኛውም በአንድ ደካማ መጋጠሚያ ላይ ካረፈ ፕላስቲኩን ለማቅለጥ ይበቃዋል። ይህ ፈተና ለዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ብቻ የሚሆን እንጂ በቤት ኤሌክትሪክ ላይ ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም።

ትእዛዙን ያበላሸው ተቃውሞና ከአደጋ መጠበቂያውን ያሳወረው ተቃውሞ፣ እንግዲህ፣ አንድ ናቸው። ባቡሩ አልሰማ ሲለን ወደ ዲኮደሩ ከመሮጣችን በፊት ሽቦውን እንጠይቅ።